ጤነኛ ቁጥር 14

«ወንድሜ... ወፍራምና ጤነኛ ሰው ፈልጌ ነበር።»

ሳሌም ይህን ብላ በኀፍረት መሬት ልትገባ ደረሰች። ባለሱቁ ጌታሁን ከሩዝ ጆንያዎቹ መሀል ቀና ብሎ ሆዱን መታ መታ አደረገ።

«ታዲያ ከእኔ ወዲያ የት ልትሄጂ ነው?»

ጊዜው 2009 ዓ.ም. ነው። ሳሌም ጅግጅጋ ውስጥ የላብራቶሪ ባለሙያ ናት። የስብ ህዋስ ወደ ደም የሚለቃቸው፣ በዓይን የማይታዩ ከረጢቶች አሉ። እነሱ የትልቁ አንጀት ካንሰር ባለባቸው ሰዎች ደም ውስጥ ይለዩ እንደሆነ ለሚያጠኑ ተመራማሪዎች ደም ትሰበስባለች። ለማነጻጸሪያ ደግሞ በየሁለት ወሩ ደም የሚሰጡ ወፍራም ጤነኞች ያስፈልጓታል።

«ከረጢቶቹ ምን ይዘው ነው የሚዞሩት?» አላት፣ በማግስቱ ላብራቶሪዋ መጥቶ ክንዱን እየሰጣት።

«መልእክት። ስቡ ለሌላው የሰውነት ክፍል የሚልከው።»

«ስቤ እንኳ መልእክት ይልካል! እኔ ግን አንቺን ሳይ አፌ ይተሳሰራል።»

እየሳቀች ወደ ቅጹ ተመለሰች። «በሰገራህ ላይ ደም አይተህ ታውቃለህ?»

ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «ኧረ በፍጹም!»

በብልቃጡ ላይ «ጤነኛ 14» ብላ ጻፈች።

ከዚያ ወዲያ ቀጠሮ ኖረም አልኖረም ሐልዋ የሚባለውን ጣፋጭ ይዞላት ይመጣ ጀመር። በግመል ወተት የተፈላ ሻይ እየጠጡ ያመሻሉ። በአራተኛው ወር ሸሚዙ ሰፋው።

«ከሳህ እኮ!»

«ፍቅርሽ ነዋ! ምን ላድርግ?»

ደስ አላት። አይ ሳሌም! ሰው ሲወደድ ሙያውንም ይረሳል።

ለሦስተኛ ጊዜ ደም ሊሰጥ የመጣ ዕለት ሊቀመጥ ሲል ተንገዳገደ። የደም ማነስ መኖሩን የሚያሳየውን ሄሞግሎቢኑን ለካችው፤ ስድስት፣ የጤነኛ ወንድ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ደገመችው፤ ያው ስድስት። በሩን ዘጋች።

«ያንን ጥያቄ እንደገና ልጠይቅህ። እውነቱን ንገረኝ።»

አንገቱን ደፋ። «ደሙን ማየት ከጀመርኩ ዓመት አልፎኛል።»

«ለምን ዋሸኸኝ?!»

«የጠየቅሽኝ አንቺ ነሻ! አብሮሽ የሚሠራው ነርስ ዋርሳሜ ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር። ለአንቺ ግን... ገና በመጀመሪያው ቀን... እንዴት ብዬ?»

አዲስ አበባ ሐኪሞች ሆዱን ሲከፍቱት ካንሰሩ ከትልቁ አንጀቱ አልፎ ጉበቱ ጋ ደርሶ ነበር። ሳሌም ከአልጋው አጠገብ ተቀምጣ እጁን ያዘች፤ አጥንቱ ብቻ ቀርቷል።

«ቶሎ ብነግርሽ ኖሮ ዛሬ ባልሽ ነበርኩ» አላት።

«እኔም እኮ... ቶሎ ጠይቄህ ነበር» አለችና መቻል አቃታት፤ ደረቱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

በጥቅምት ሞተ።

ጅግጅጋ ተመልሳ ማቀዝቀዣውን ከፈተች። የእሱን ሁለት ብልቃጦች አወጣች፣ «ጤነኛ» የሚለውን ፍቃ ወደ ሕመምተኞቹ ሣጥን አዛወረቻቸው። ከዚህ በላይ ልታደርግለት የምትችለው ነገር አልነበረም።

ዛሬም ወንድ ደም ሰጪ ሲመጣ ሌላውን ሁሉ እሷ ትጠይቃለች። ያቺ ጥያቄ ስትደርስ ግን ቅጹን ለዋርሳሜ ሰጥታ ትወጣለች። ኮሪደሩ ላይ ቆማ በሩን ታያለች። በሩ ቶሎ ሳይከፈት ሲቀር፣ ሰውየው እየተናገረ ነው ማለት ነውና እንባዋን እየጠረገች «ተመስገን» ትላለች።