ያልደረቀው ቅብ

ጽጌ የዶሮ ላባውን ከሙጫው ውሃ አወጣች፤ ጫፉን በጣሳው አፍ ጠረግ አደረገችና በበገናው ምሰሶ ላይ ከላይ ወደ ታች አንድ ጊዜ ብቻ አስኬደችው። መመለስ የለም። «የተመለሰ ላባ መስመር ያበጃል» ይሏት ነበር አያቷ አለበል።

ያኔ በጃንሆይ ዘመን በቆርቆሮ የሚሸጥ ቀለም ለእስቴ አገር ገና እንግዳ ነበር። አባቷ ይርጋ የሚጠርበውን በገና ሁሉ የሚቀቡት አያቷ ነበሩ። የግራር ሙጫ በውሃ ዘፍዝፈው ያሳድራሉ፣ በነጠላ ቁራጭ ያጠሉታል፣ ቀይ አፈር ጣል ያደርጉበታል። የበገናው ዋንዛ እንጨት ውሃ ሲነካው ጸጉሩ ይቆማል፤ እሱን በሻካራ ቅጠል አሽተው ያስተኙና ሁለተኛ፣ ከዚያም ሦስተኛ ይደግሙታል። በሌላው ነገር ሁሉ ችኩል የነበሩት ሰውዬ ቅብ ላይ ሲደርሱ ባሕታዊ ይሆኑ ነበር። ካረፉ ዓመት ሆናቸው፤ ላባቸውም ባለቤት አጥቶ ከረመ።

ይርጋ የቅቡን ሥራ ለጎረቤታቸው ለአዳነ ሊሰጥ ሲል ጽጌ ለምና አስቆመችው።

«እንግዲህ የመሪጌታ አስናቀን በገና ቀቢ» አላት። «ካማረ ላባው ያንቺ ነው። ካላማረ አዳነ አለ፤ አንቺ ትምህርትሽን ትይዣለሽ።»

ነገ ቅበላ ነው። መሪጌታ ጾሙ ሳይገባ ሊወስዱት በጠዋት ይመጣሉ።

ሦስተኛውን ቅብ ጨርሳ እጇን ታጥባ ስትመለስ፣ የአምስት ዓመቷ እህቷ አስካለ አውራ ጣቷን እያየች ቆማለች። ጣቷ ቀይ ሆኗል። ምሰሶው ላይ ትንሽዬ አሻራ ታትሟል። በውሃ የተቀባ በውሃ ይነሣል፤ ግን አንዱ ቦታ ከታጠበ ሁሉም ይታጠባል፣ ቅቡም ከሀ ሁ ይጀመራል። ፀሐይዋ ደግሞ አዘቅዝቃለች።

ጽጌ ልትቆጣ አፏን ከፈተች። ዐይኗ ግን ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የአያቷ በገና ላይ ዐረፈ። እዚያም ምሰሶ ላይ አንድ ትንሽ አሻራ አለ፤ የእሷው ነው፣ አምስት ዓመቷ ሳለ ያተመችው። ያን ጊዜ አባቷ «ማን ነካው?» ብሎ ሲጮህ፣ አያቷ ያንን ሰፊና ስንጥቅጥቅ አውራ ጣታቸውን አንሥተው «እኔ ነኝ» አሉ። ቤት የነበረው ሁሉ ሳቁን ዋጠ። እሳቸውም አሻራውን እስኪሞቱ ድረስ አላጠቡትም። ናፈቋት።

ይርጋ በሬዎቹን አስገብቶ መጣና በገናውን ዞሮ አየው። ድንገት ጎንበስ አለ።

«ይህን ማን ነካው?»

አስካለ ከእህቷ ቀሚስ ኋላ ተወሸቀች። ጽጌ ጣሳው ላይ ያለውን ላባ አየችው። እንዴት ተመኝታው ነበር!

«እኔ ነኝ» አለች።

ይርጋ አሻራውን አየ፣ የጽጌን አውራ ጣት አየ፣ ከቀሚሷ ኋላ ብቅ ያሉትን ትንንሽ እግሮች አየ። ከዚያ ቀና ብሎ ግድግዳው ላይ ያለውን በገና ትኩር ብሎ ተመለከተ።

«ጠዋት መሪጌታ ሲጠይቁ አንቺው ትነግሪያቸዋለሽ» አለ። «መልስ የሚሰጠው የቀባው ነው።»

ላባውንም አንሥቶ ሰጣት።

ጽጌ ላባውን አጥባ አያቷ ይሰኩበት በነበረው የግድግዳ ስንጥቅ ሰካችው። አሻራውን ለማጠብ ግን እርጥብ ጨርቅ አላነሣችም።