ዘጠነኛው ጊታር

ጊታሪስቱ በደረቱ ተደፍቶ የተገኘው በገዛ ጊታሮቹ መሃል ነው። ዘጠኙም በየማንጠልጠያቸው ነበሩ፤ አንድም አልወደቀ፣ አንድም አልተሰበረ። አጠገቡ የተጣለው የብረት የጊታር ማቆሚያ ግን ደም ነበረበት። ሚስቱ ቁልፍ የተከለችለትን ሸሚዝ ይዛ ገብታ አገኘችው።

ለፖሊስ የሰጠችው ቃል አጭርና እውነት ነበር። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሰፈርተኛው «ሙጫው» የሚለው ጊታር ጠጋኝ፣ አንድ ወር ያቆየውን ጊታር ጠግኖ አመጣና ባሏ ክፍል ገባ። እሷ በቀጣዩ ክፍል በስፌት መኪና ትሰፋ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሙጫው ብቅ ብሎ ባሏ ልምምድ ሊጀምር መሆኑን፣ ማንም እንዳይረብሸው ማለቱንም ነገራትና እስከ በር ሸኘችው። ተመልሳ መኪናውን ትታ በእጇ ቁልፍ ስትተክል የጊታር ድምፅ በግድግዳው አልፎ መጣ፤ ባሏ ጠዋት ጠዋት ጣቱን የሚያፍታታበት ዜማ። አሥር ደቂቃ ያህል ተሰማና ዝም አለ።

እንግዲህ ሙጫው ሲሄድ ሰውየው በሕይወት ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ የነበሩት እሷና አብሯቸው የሚኖረው የባሏ ታናሽ ወንድም ብቻ ናቸው። ወንድምየው ከበሮ መቺ ነው፤ በዚያው ሳምንት ወንድሙ ከባንዱ ስላስወጣው የክፍሉን በር አላትሞበት ወጥቶ ነበር።

እሷ አልገደለችም። ታዲያ ማን ቀረ? ይህን ካሰበች ጀምሮ ከበሮ መቺው ኮሪደር ላይ ሲራመድ ትንፋሿን ይዛ ታዳምጣለች። እሱ ወጥ ቤት ሲገባ እሷ ትወጣለች። ቢላዎቹን ሁሉ ለቅማ የስፌት ሣጥኗ ሥር ደበቀቻቸው። ለፖሊስ ጠርጥሬዋለሁ እንዳትል ምን አይታ? ዝም እንዳትል ደግሞ ከእሱ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ናት።

በሦስተኛው ቀን ጉዳዩን የያዘችው ኢንስፔክተር መጣች፤ ቀጭን፣ ከመናገር መስማት የሚቀናት ሴት። አስቀድማ ከበሮ መቺውን አነጋገረችው። አንድ ጊታር ሰጥታ እስቲ ጣትህን ክሮቹ ላይ ጭነህ አንድ ኮርድ ያዝልኝ ብትለው፣ ሻይ እንደሚያቀርብ አስተናጋጅ በሁለት እጁ እንደ ትሪ ተሸከመው። ወንድሙ ዕድሜ ልኩን ሊያስተምረው ሞክሮ ተስፋ እንደቆረጠ ነገራት። ከዚያ ወደ ሚስትየዋ ዞረች።

«የሰሙትን ልክ እንደሰሙት ይንገሩኝ» አለቻት። «ዜማውን ሳይሆን ድምፁን።»

ሴትየዋ ወደ በሩ ሰርቃ አየች። «እንደ ሁልጊዜው ነው። ብቻ እጁ ከኮርድ ወደ ኮርድ ሲሄድ ሲጥ ሲጥ ይላል፤ እርጥብ ጣት መስተዋት ላይ እንደሚሄደው።»

«ሌላ ጊዜስ ሲጥ ይላል?»

«አይልም» አለች ሴትየዋ። «በሃያ ዓመት ሰምቼ አላውቅም።»

ባሏ ጣት ሲንሸራተትበት ድምፅ ከማይሰጥ ልሙጥ ክር ሌላ እንደማይነካ አስረዳቻት። ክር የራሱ ወሬ ሊኖረው አይገባም ይል ነበር። ጊታር ከጥገና ሲመለስለት ጠጋኙ የወጠረውን ክር ቆርጦ ይጥላል፤ ከመሳቢያው ልሙጡን አውጥቶ በገዛ እጁ ሳይወጥር አንድ ኮርድ አይመታም።

ኢንስፔክተሯ ወደ ጊታሮቹ ክፍል ይዛት ገባች። ጥፍሯን በየጊታሩ ወፍራም ክር ላይ ሳበች። ስምንቱ ዝም አሉ። ዘጠነኛው፣ ያን ቀን ከጥገና የመጣው፣ ሲጥ አለ።

ሴትየዋ ያን ጠዋት ቁልፍ እየተከለች ከዜማው ጋር አብራ ታንጎራጉር ነበር። ለማን ነበር የምታጅበው?

ኢንስፔክተሯ ባትሪ ይዛ የጊታሩን ሆድ በቀዳዳው አየች፤ ሟቹ የየጊታሩን ቁጥር ከጻፈበት ደብተር ጋርም አስተያየች። ከዚያ የጓሮውን መስኮት ገፋ አደረገችው። ተዘግቷል እንጂ አልተቀረቀረም ነበር። ከጓሮው አጥር ማዶ ያለው የሙጫው ሱቅ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሙጫው ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ሚስትየዋ ከከበሮ መቺው ራቅ ብላ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች።

«እመቤቲቱ የሰሙት ይኼን ጊታር ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሲጥ የሚል ሌላ የለም። ሟቹ ግን በሻካራ ክር አይጫወትም። ስለዚህ የተጫወተው ሌላ ሰው ነው፤ ያኔ ሟቹ ወለሉ ላይ ወድቆ ነበር፤ ሲወድቅ እመቤቲቱ ያልሰሙት የስፌት መኪናው እየጮኸ ስለነበር ነው። እመቤቲቱ አይጫወቱም፤ ወንድምየውም አንድ ኮርድ መያዝ አይችልም። ማን ቀረ?»

«እኔ ሄጄ ነበር» አለ ሙጫው። «ራሷ ናት የሸኘችኝ።»

«በበር ወጥተህ በመስኮት ተመለስክና በየጠዋቱ ከአጥር ማዶ የምትሰማውን ዜማ ተጫወትክ። ከክፍሉ ስትወጣ የመስኮቱን መቀርቀሪያ አንስተህ ነበር። መጨረሻ ያየኸው አንተ ስለሆንክ፣ ከሄድክ በኋላም በሕይወት እንደነበር የሚመሰክርልህ ጆሮ ፈለግህ። ግን ሟቹ ክሩን ራሱ መልሶ ስለሚወጥረው አንተ ሁልጊዜ ያገኘኸውን ክር ነበር የምታስርለት። ክር ይመሰክርብኛል ብለህ አላሰብክም።»

«ምን በደለኝና እገድለዋለሁ?»

«ያመጣህለት ጊታር የእሱ አይደለም። ዋናውን ልታስቀር አስመስለህ የሠራኸው ነው። ውስጡ ያለው ቁጥር ከደብተሩ ጋር ይገጥማል፤ የተጻፈበት ቀለም ግን ትኩስ ነው። እሱም አወቀብህ። የእሱን ጊታር አሁን ባልደረቦቼ ከሱቅህ፣ ከጣውላ ክምር ጀርባ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ አግኝተውታል።»

ሙጫው ወደ መስኮቱ አየ። እዚያ ፖሊስ ቆሟል። ጊታሪስቱ ነገሩን ለሙዚቀኛ ሁሉ እናገራለሁ እንዳለው፣ ጀርባውን ሲያዞርለት ብረቱ እንዴት እጁ እንደገባ እንደማያውቅ፣ አንገቱን ደፍቶ ተናገረ። ወሰዱት።

ቤቱ ጭር አለ። ሴትየዋ ወንበር ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

«ይቅር በለኝ» አለችው ከበሮ መቺውን። «አንተን ነበር የጠረጠርኩት።»

ዐይኑ በእንባ ሞላ።

«እትዬ፣ እኔም እኮ አንቺን ነው ስፈራ የሰነበትኩት» አላት። «ወንድሜን እንኳ ቁጭ ብዬ አላለቀስኩለትም።»

ወንበሩን ሳበና አጠገቧ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ሁለቱም አለቀሱ።