ከፔጆዋ ሆድ ሥር

በድሬዳዋ ከተማ፣ በከዚራ ሰፈር፣ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር አንዲት አሮጌ ፔጆ ትኖር ነበር።

ፔጆዋ የወለላ አያት፣ የአባባ ሽመልስ ታክሲ ነበረች። ድሮ ከድሬዳዋ ሐረር፣ ከሐረር ድሬዳዋ ሰው ስታመላልስ ኖራለች።

አሁን ጀርባዋን ፀሐይ አንጥቶታል። ሆዷን ጭቃና አቧራ ለብሶታል፤ ከጭቃው ኋላ፣ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ፣ ካትራሜ አለ። ካትራሜ ማለት ብረት እንዳይዝግ የሚቀባ፣ ጥቁር፣ ወፍራም ቅብ ነው።

ወለላ ስድስት ዓመቷ ነው። በየቀኑ ፔጆዋ ውስጥ ገብታ መሪውን ትይዝና፣ «ሐረር፣ ሐረር፣ አንድ ሰው የቀረው» ትላለች።

ማክሰኞ ዕለት ባለ ጋራዡ ጋሽ ዘውገ መጡ። ሰፈሩ ሁሉ ስለ መኪና የሚጠይቀው እሳቸውን ነው።

ጋሽ ዘውገ ጎንበስ አሉ። የፔጆዋን ሆድ በትንሽ መዶሻ አንድ ጊዜ መቱት።

ዱፍ።

«ሰሙ አባባ ሽመልስ? ጤነኛ ብረት ሲመታ ይጮኻል። ይሄ ዱፍ ነው የሚለው። በስብሷል» አሉና ቀና አሉ። «ዓርብ ቆራሌውን ይዤው እመጣለሁ።»

ቆራሌው አሮጌ ብረት እየሰበሰበ የሚወስድ ሰው ነው። ወለላ ታውቀዋለች። ጋሪው ላይ የተጫነ ነገር ተመልሶ ሲመጣ አይታ አታውቅም።

አባባ ሽመልስ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ።

«ሆዷን ሳያዩት?» አለች ወለላ።

«ምን አልሽ?»

«ጋሽ ዘውገ ሆዷን አላዩትም፣ አባባ። ያዩት ጭቃውን ነው።»

አባባ ጺማቸውን አከክ አከክ አደረጉ። «እሱስ እውነትሽን ነው» አሉ። «እንግዲያው እኛ እንየዋ።»

በማግስቱ የወለላ እናት ፔጆዋን በክሪክ ከፍ አደረገቻት። አባባ በአራቱም በኩል በወፍራም ወፍራም ግንድ ደገፏት። እንደማትወድቅ ለማረጋገጥ ሦስቱም ተጋግዘው ገፏት። ፔጆዋ ንቅንቅ አላለችም።

«እኔ ሳልኖር ከሥር መግባት የለም» አሉ አባባ።

ወለላ የእማዬን ሻሽ አሰረች፤ የዋና መነጽር አጠለቀች። አባባም ትልቁን የፀሐይ መነጽራቸውን አደረጉ።

«ዝንብ መሰልን» አሉ አባባ።

ጆንያ አንጥፈው በጀርባቸው ተኙ። ወደ ላይ አዩ።

መኪና ከሥር ሲያዩት እንዴት ትልቅ ነው። ቱቦው ይጠማዘዛል፤ ዘንጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል፤ ብሎኖቹ ተሰልፈዋል። ወለላ ሳታውቀው ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አባባ፣ ይሄ ሁሉ እዚህ ነበር?»

«ሁሌም እዚሁ ነበር።»

ፍቅ፣ ፍቅ፣ ፍቅ። በእንጨት መፋቂያ ፋቁ። ነጣ ያለ አሸዋ ረገፈ።

«ይሄ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ነው» አሉ አባባ። «እናትሽ ተማሪ ሳለች የተሻገርነው።»

«እኔስ የት ነበርኩ?»

«አንቺማ ገና አልተወለድሽም።»

ፍቅ፣ ፍቅ፣ ፍቅ። ቀይ ጭቃ ረገፈ።

«ይሄ የቁልቢ ዳገት ጭቃ ነው። ያኔ እናትሽ ገና ዳዴ ትል ነበር። ዝናቡ አያድርስ ነው።»

«እኔስ የት ነበርኩ?»

«አንቺማ ገና አልተወለድሽም።»

ወለላ ጭቃውን በመዳፏ ያዘችው። እማዬ ዳዴ ስትል የነበረ ጭቃ። እንዳይበተንባት ትንፋሿን ዋጥ አደረገች።

ከዚያ ካትራሜው ላይ ደረሱ። ጊዜው ቀትር ነበር። የድሬዳዋ ፀሐይ ካትራሜውን እንደ ማስቲካ አለስልሳዋለች።

አሁን ፍቅ አላለም። ሙጭጭ አለ። መፋቂያው ላይ ሙጭጭ። የአባባ ጺም ላይ ሙጭጭ። የወለላ ሸበጥ ላይ ሙጭጭ።

አባባ ጨርቅ ላምባ ነክረው ጠረጉት። ካትራሜው አልለቀቀም፤ ወዲያና ወዲህ ተለቀለቀ እንጂ።

እማዬ በር ላይ ቆማ አየቻቸው። «መኪናዋን ነው ያጠባችሁት ወይስ እሷ ናት እናንተን የቀባችው?» አለች።

ማንም አልሳቀም። አንድ መዳፍ የምታህል ቦታ እንኳ አልጠራችም። ዓርብ ደግሞ ቀርቧል።

ሐሙስ ወፎች ሲንጫጩ ወለላ ነቃች። አየሩ ቀዝቀዝ ብሏል። ሸበጧን ልታጠልቅ ጎንበስ ስትል ካትራሜውን አየችው። በጥፍሯ ነካ አደረገችው።

ቅርፍ። ተፈናጥሮ ወደቀ።

ሌላውን ነካችው። ቅርፍ።

ወለላ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አሰበች። ትናንት በሙቀት ሙጭጭ ይል ነበር። ዛሬ በቅዝቃዜ ይሰበራል።

እየሮጠች ሄደች። «አባባ፣ ይነሱ። ፀሐይ ሳትቀድመን።»

ቅርፍ፣ ቅርፍ፣ ቅርፍ። ካትራሜው እንደ እንቁላል ቅርፊት እየተሰነጠቀ ጆንያው ላይ ወደቀ።

ድንገት ወለላ እጇን ሰበሰበች።

ከጥቁሩ ሥር ሰማያዊ አለ።

እንደ ፔጆዋ ጀርባ የነጣ አይደለም። ጥልቅ ሰማያዊ ነው፤ ዝናብ ካባራ በኋላ የሚታየውን ሰማይ የመሰለ። የወለላ ፊት በውስጡ ይታያል።

«አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

አባባ መነጽራቸውን አወለቁ። ሰማያዊውን በጣታቸው ዳሰሱት። «ቀለሟ ነው» አሉ። «መጀመሪያ ያየኋት ቀን የነበራት ቀለም። የጀርባዋን ፀሐይ በላው። የሆዷን ካትራሜው ጠበቀላት።»

ፀሐይ እስክትሞቅ ፋቁ። ዓርብም ገና ጎህ ሲቀድ ተነሥተው ፋቁ። ቅርፍ፣ ቅርፍ፣ ቅርፍ። ሰማያዊው ሰፋ፤ ሰፋ፤ ሰፋ።

የመጨረሻዋ ቅርፊት ስትወድቅ አባባ ትንሽ መዶሻ ለወለላ ሰጧት። «በይ ጠይቂያት» አሏት።

ወለላ መዶሻዋን ጨበጠች። ዱፍ ካለችስ? ዓይኗን ጨፍና መታች።

ቃንንንን።

እንደ ደወል ነው የጮኸችው። ድምፁ በዘንጉ፣ በቱቦው፣ በብሎኖቹ፣ በወለላም ጥርስ ውስጥ ሄደ።

«ያን ቀን ዘውገ የመታው ካትራሜውን ነው» አሉ አባባ። «ብረቱን ማንም አልጠየቀውም።»

ረፋድ ላይ ጋሽ ዘውገ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው መጡ። ቆራሌው ጋሪውን እየገፋ ይከተላቸዋል።

አባባ ሽመልስ ጆንያውን አሳዩአቸው። «ግባና እይ፣ ዘውገ።»

«ኧረ ጊዜ የለኝም አባባ። ይሄ እኮ ያለቀ ነገር ነው።»

«ዱፍ ለማለት ጊዜ ነበረህ። ለመተኛትም አይጠፋህም።»

ጋሽ ዘውገ ሸሚዛቸውን አዩ፤ ጆንያውን አዩ። ከዚያ መዶሻቸውን ይዘው እየተነጫነጩ ከሥር ገቡ። ከውጭ የሚታየው ጫማቸው ብቻ ነው።

ንጭንጩ ቆመ።

ጫማቸው አልተንቀሳቀሰም። ቆየ፤ አሁንም አልተንቀሳቀሰም።

«ጋሽ ዘውገ ተኙ እንዴ?» አለ ቆራሌው።

ቃንንንን።

ከዚያ ከፔጆዋ ሥር ቀጭን ድምፅ መጣ። «ተሳስቻለሁ።»

አባባ ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ወለላ ቀደመቻቸው። ጎንበስ ብላ፣ «ለእኛ አይደለም፣ ጋሽ ዘውገ። ለእሷ ይንገሯት» አለች።

ጫማው ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

«ተሳስቻለሁ፣ ፔጆ» አሉ ጋሽ ዘውገ።

ቆራሌውም ገብቶ አየ። ሲወጣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ነበር። ባዶ ጋሪውን እየገፋ ሄደ።

ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። ሰዎች መጡ። አንድ በአንድ ጆንያው ላይ እየተኙ አዩ፤ አንድ በአንድ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወጡ።

ሁሉም ሲሄዱ አባባ፣ «አመሻሹ ላይ አዲስ ካትራሜ እንቀባታለን» አሉ።

«ሰማያዊው ሊሸፈን ነው?»

«ይሸፈናል። ካልተሸፈነ ዝገት ይበላዋል።»

ወለላ ትንሽ አሰበች። «እንግዲያው አሁን በደንብ እንየው» አለች።

ጎን ለጎን ተኙ። ወደ ላይ አዩ።

ቀትር ሆነ። ድሬዳዋ በቀትር ትተኛለች። ሱቆቹ ተዘጉ። ባጃጆቹ ጥላ ሥር ቆሙ። ፍየሎቹ እንኳ ግድግዳ ተጠግተው አንቀላፉ።

ኽርርር። ይሄ የአባባ ድምፅ ነው።

ወለላ ግን ታያለች። ከእግሯ እስከ ራሷ ሰማያዊ፤ እሷ ሳትወለድ የተቀባ ሰማያዊ። አንዴ ዓይኗን ከደን አደረገች፤ ከፈተች። ሰማያዊው እዚያው አለ። እንደገና ከደን አደረገች።

እማዬ ትራስ ይዛ መጣች። ቀስ ብላ ከወለላ ራስ ሥር አኖረችላት።