ያላነበብኩት ምዕራፍ

«እህቴ፣ ለምንድን ነው በየአንቀጹ የምታንኳኪው?» አለኝ የድምፅ ባለሙያው።

«እኔ?...»

«አዎ፣ አንቺ።»

«አንተ አይደለህም እንዴ የምታንኳኳው?»

ሁለታችንም ወደ ግድግዳው ዞርን።

ይህን የተባባልነው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ጨለማ አልነበረም፤ መብራትም አልጠፋም። ውጭ ፀሐይዋ ግቢውን አንድዳዋለች። የምነግራችሁ በእኔ በራሴ ላይ የደረሰውን ነው፤ ጨምሬም ቀንሼም አልጻፍኩም። ብዙዎቻችሁ ታሪኮቼን በድምፅ እንዳቀርብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ... ይህንን ግን በድምፅ ልነግራችሁ አልችልም። ለምን እንደሆነ ስትጨርሱ ይገባችኋል።

ሥራዬ ማንበብ ነበር። ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች የመማሪያ መጻሕፍትን በድምፅ በሚያዘጋጅ ድርጅት ውስጥ አነባለሁ። ዩኒቨርሲቲ ስጨርስ ሰው ፊት ቆሞ መናገር የማይጠይቅ ሥራ ነበር የምፈልገው። አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አንድ ማይክ፣ አንድ መጽሐፍ፣ ከመስታወቱ ማዶ አንድ ሰው... እንደኔ ላለች ዓይን አፋር ከዚህ የተሻለ ከየት ይመጣል?

ከመስታወቱ ማዶ ያለው ሰው የድምፅ ባለሙያው ነው። «ጆሮ» ነው የምንለው። ትንኝ ብትበር ይሰማል። እሱም «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» እያለ በራሱ ይቀልዳል።

ከእሱ ጋር አንድ ሳምንት ሙሉ እንዲህ ስንጃጃል ከረምን።

አንቀጽ ጨርሼ ትንፋሽ ስወስድ... ኳ... ኳ... የሚል ድምፅ እሰማለሁ። ጆሮ መስታወቱን መትቶ «ቆይ» ያለኝ ይመስለኛል። እቆማለሁ። እሱ ደግሞ እኔ ጠረጴዛውን መትቼ «አቁምልኝ» ያልኩት ይመስለዋል። ቅጂውን ያቆማል። ተያይተን ፈገግ እንላለን።

እንደገና ከመጀመሪያው።

አንድ ሳምንት ሙሉ! አንዳችን አንዲት ቃል ብንተነፍስ ምን ነበረበት? «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። የእኔ ዝምታ ግን ያኔም ነቅዞ ነበር።

ሕንፃው ድሮ እስር ቤት ነበር። ክፉ ስም የነበረው እስር ቤት። ሰዎች በአጥሩ በኩል ላለማለፍ መንገድ ይቀይሩ ነበር ይባላል። እስረኞቹ ከወጡ በኋላ የእህል መጋዘን ሆነ። ከዚያ ትምህርት ቤት። ትምህርት ቤቱ ሌላ ቦታ ሲሠራለት ለእኛ ድርጅት ተሰጠ። ግድግዳው የክንድ ያህል ስለሚወፍር «ለድምፅ ቀረጻ የተመቸ ነው» ተባለ።

የተመቸ!

የምቀዳው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የጂኦግራፊ መጽሐፍ ነበር። አሥራ አንድ ምዕራፍ አለው። ቅጂውን ከሚጠብቁት ተማሪዎች አንዱ ታናሽ ወንድሜ ነው። ዓይኑን በልጅነቱ በሕመም አጥቷል። ፈተናው ተቃርቧል። ለትምህርት ቤታቸው የደረሰው የብሬል መጽሐፍ አንድ ብቻ ስለሆነ ተራ ሲጠብቅ ዓመቱ አለቀበት። ያለው ተስፋ የእኔ ድምፅ ነው። የቀዳሁትን በየቀኑ በፍላሽ ይዤለት እገባለሁ፤ እሱም ማጫወቻው ላይ ሰክቶ ያጠናል።

«እታለም፣ ዛሬስ ስንት ምዕራፍ?» ይለኛል ገና በሩን ስከፍት።

«ግማሽ።»

«ግማሽ?... በዚህ አያያዝሽማ እኔ ስሸብት ነው የምትጨርሽው።»

እሱ ይስቃል። እኔ አልስቅም።

ነገሩን ለኃላፊያችን ነገርናቸው።

«አይጥ ነው» አሉ።

መርዝ ተበተነ። አንዲት አይጥ አልሞተችም።

«እንግዲያው ቧንቧ ነው።»

ቧንቧ ሠራተኛው መጥቶ ግድግዳውን ዳሰሰና በዚህ በኩል ቧንቧ የሚባል ነገር አልተዘረጋም ብሎ ሄደ።

«በቃ፣ ወዲያ ማዶ ያሉት ናቸው የሚያንኳኩት። ሂዱና አስቁሟቸው!»

ከግድግዳው ወዲያ ማንም የለም። እዚያ የነበሩት ክፍሎች በመጋዘኑ ጊዜ ፈርሰው ባዶ ሜዳ ሆነዋል። ይህንን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ግን ስልክ አንስተው ነበር። አፌን መልሼ ዘጋሁት።

እንዲህ ነው ሁሉ ነገር። ትናገራለህ፣ ማንም አይሰማም። ማይኩ ብቻ ሁሉን ይሰማል።

አናጢ ተጠርቶ ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ስፖንጅ ገነጠለው። ከሥሩ ጥቁር ሰሌዳ ወጣ፤ ከትምህርት ቤቱ የተረፈ ነው። ጣሪያው ላይ ሚዛን የሚንጠለጠልበት የመጋዘኑ መንጠቆ አለ። ከሰሌዳው በታች ደግሞ ቀለም ያልያዘች አንዲት ቦታ... በተቀመጠ ሰው ግንባር ልክ። ድንጋዩ ተልጎ ያብረቀርቃል። አንድ ሰው ዓመታት ሙሉ ግንባሩን ያስደገፈበት ይመስላል።

ማይኬ የቆመው ልክ እሱ ፊት ለፊት ነው።

«ድንጋይ ነው እንግዲህ» አለ አናጢው፤ ስፖንጁን መልሶ ለጠፈው።

በዚያው ሰሞን ለድርጅቱ እርዳታ የሚሰጡ እንግዶች መጡ። ኃላፊያችን ክፍሌን ከፍተው ያስጎበኟቸው ጀመር። እኔ ጥጉን ይዤ ቆሜያለሁ።

«እዚህ የታሰረ አንድ መምህር ነበር ይባላል» አሉ። «እስረኞቹ ወረቀትና መጽሐፍ አይፈቀድላቸውም። እሱ በቃሉ የሚያውቀውን ሁሉ በዚህ ግድግዳ በኩል ያስተምራቸዋል። ደክሞት ዝም ሲል ከወዲያ ያንኳኩበታል። ‹ቀጥል› ማለታቸው ነው። አንድ ቀን መጥተው ወሰዱት። ከወዲያ ያሉት ግን አላወቁም... ማንኳኳታቸውን ቀጠሉ።»

«እስከ መቼ?» አለች አንዷ እንግዳ።

«እሱን እንግዲህ ማን ያውቃል!» ብለው ሳቁ።

እንግዶቹ ፎቶ ተነሱ። እኔና ጆሮ ተያየን። በዚህ ጊዜ ፈገግ አላልንም።

እናቴ ልጅ ሆና የተማረችው እዚያው ትምህርት ቤት ነው። ልብስ እያጣጠፈች ሳለ ቀስ ብዬ ጠየቅኳት።

«እማ፣ እዚያ ስትማሩ የሚያንኳኳ ነገር ነበር?»

በሳቅ ፈነዳች።

«የ‹ነጥብ የለሽ› ክፍል ነዋ!»

«ማነው ነጥብ የለሽ?»

«አስተማሪያችን ነው፤ እኛ ነን ያወጣንለት። አራት ነጥብ የማያውቅ ሰው! ክፍል ከገባ እስኪወጣ አያርፍም። ሰሌዳ ሲያጠፋ ያወራል፣ ውሃ ሲጠጣ እንኳ አንዱን ተማሪ አስነሥቶ ያስነብባል። እኛ ከኋላ ሆነን ‹ባቡሩ ተነሣ› እንለው ነበር። ደሞ ያ ዘበኛ! ከመጋዘኑ የቀረ ሽማግሌ ነው፤ ቀንም ሌሊትም ሬዲዮ አያጠፋም። ስንጠይቀው ‹ለአይጥ ነው› ይላል። እስቲ አሁን አይጥ ሬዲዮ ትሰማለች?»

«ኋላስ? አስተማሪው?»

«ምን ይሆናል፣ ድምፁ ተዘግቶ ጡረታ ወጣ።»

እሷ እየሳቀች ማጣጠፏን ቀጠለች።

ያኔ ነው የገባኝ። የሚያንኳኳው ሳነብ አይደለም። ሁልጊዜም ዝም ስል ነበር።

በማግስቱ ኃላፊያችን ጠሩኝ። ቢሮ ገና ስገባ ቁርጡን ነገሩኝ።

«እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ንጹሕ ቅጂ ካላገኘሁ ሌላ አንባቢ እቀጥራለሁ። ተማሪዎቹ እየጠበቁ ነው።»

እየጠበቁ ነው... ይህን ለእኔ ይነግሩኛል!

ገብቼ ተቀመጥኩ። ለጆሮ ምልክት ሰጠሁት። ማንበብ ጀመርኩ፤ አላቆምኩም። አንቀጹን ከአንቀጽ ጋር አያያዝኩት። ገጹን እያነበብኩ ገለጥኩ። ትንፋሼን በቃላት መሀል ሰረቅኩ።

ኳኳታ የለም።

ጆሮ ከመስታወቱ ማዶ አውራ ጣቱን አነሣልኝ። በቀናት ውስጥ ያ ስንት ጊዜ ያስለቀሰኝ መጽሐፍ እንደ ውሃ ወረደ። ወንዞቹን ጨረስኩ፤ ተራሮቹን፣ በረሃዎቹን፣ ውቅያኖሶቹን። ምዕራፍ አሥር አለቀ። የቀረው የመጨረሻው ነበር፤ ስለ ነፋሳት።

ጉሮሮዬ ግን አለቀ። እሳት የዋጥኩ መሰለኝ። ብርጭቆውን አንሥቼ አንዲት ጉንጭ ውሃ ተጎነጨሁ። አንዲት ጉንጭ...

ኳ... ኳ...

ግድግዳው ላይ አልነበረም።

የወንበሬ መደገፊያ ላይ ነው። ከጀርባዬ። እንጨቱ ጀርባዬ ላይ ሲነዝር ተሰማኝ።

ወደ መስታወቱ አየሁ። ጆሮ እኔን አያይም። ከትከሻዬ በላይ ነው የሚያየው። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል...

ዘልዬ ስነሣ ማይኩን ጠልፌ ጣልኩት። እንዴት ግቢው በር ጋ እንደደረስኩ አላስታውስም።

«ምንድን ነው ያየኸው?» አልኩት ጆሮን፣ ተከትሎኝ ሲመጣ። የሚወጣኝ ሹክሹክታ ብቻ ነው።

«ምንም።»

«ንገረኝ።»

«ምንም አላየሁም አልኩሽ እህቴ። በይ ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

ኃላፊያችን ማይኩን ይዘው መጡ። አንገቱ ተሰብሯል።

«ንባብ ነው ወይስ ትግል ገጥመሽ ነበር?» አሉኝ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ።»

«እትዬ፣ አንድ ምዕራፍ ነው የቀረኝ... መጽሐፉን ብቻ ይስጡኝ፣ ቤት ሆኜ ለወንድሜ...»

«መጽሐፉ የድርጅቱ ንብረት ነው።»

ክፍሉን ቆልፈው ቁልፉን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

አንድ ምዕራፍ! ከተማውን ዞርኩ። መጻሕፍት መሸጫዎች «አልቋል» አሉኝ። የሰፈር ተማሪዎች ፈተና ደርሶ ማን መጽሐፉን ያውሳል? አንዱ ጭራሽ «ዓይኑ ለማያይ ወንድምሽ መጽሐፍ ምን ያደርግለታል?» አለኝ። መልስ ነበረኝ። የምመልስበት ድምፅ ግን አልነበረኝም። ሐኪሙ ጉሮሮዬን አይቶ «ጭራሽ እንዳትናገሪ» ብሎ ሽሮፕ አዘዘልኝ።

ለወንድሜ ያመጣሁለት አሥር ምዕራፍ ብቻ ነው። ፈተናው ሰኞ ነው። አሥራ አንደኛውን አላገኘሁልህም ብዬ ለመንገር እንኳ አቃተኝ።

ቅዳሜ ነበር፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ። እናቴ ወጥታለች። ሽሮፔን ይዤ ወንድሜ ክፍል ገባሁ። አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ማዳመጫው ጆሮው ላይ ነው።

«ጨረስኩት እኮ፣ እታለም» አለኝ።

«ምኑን?»

«አሥራ አንደኛውን። ነፋሳትን።»

«አሥረኛውን ማለትህ ነው።»

«ዓይኔ ነው እንጂ ቁጥርማ አልጠፋኝም!» ሳቀ። «ደሞ ይሄኛው ከሁሉም ይበልጣል። ድምፅሽ አይሻክርም። ግን አብረውሽ ያሉት እነማን ናቸው?»

ለጆሮ ደወልኩ።

«አሥራ አንደኛውን ማን ቀዳው?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ማን ይቀዳዋል? ከሄድሽ ወዲህ ክፍሉ አልተከፈተም። ማይኩም ገና ጥገና ላይ ነው።»

«ወንድሜ ጋ ግን...»

ዘጋብኝ።

ማዳመጫውን ከወንድሜ ጆሮ ላይ ወስጄ ጆሮዬ ላይ አደረግኩት።

የእኔ ድምፅ ነው።

ሳልሳሳት፣ ሳልደነቃቀፍ ስለ ነፋሳት አነባለሁ። ከየት ተነሥተው ወዴት እንደሚሄዱ። የሚያግዳቸው ተራራ ሲያጋጥማቸው በየት በኩል እንደሚዞሩ። ቆንጆ ንባብ ነው። የሚጎድለው ነገር እስኪገባኝ ጥቂት ቆየሁ።

ትንፋሽ የለውም።

ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው፣ አንባቢዋ አየር የምትስብበት ቦታ አንድም የለም። ከኋላዋ ግን የሚተነፍሱ አሉ። ብዙ ናቸው። ቀስ ብለው... አንዲት ቃል እንዳታመልጣቸው እንደሚጠነቀቁ።

ምዕራፉ አለቀ። ከዚያ የእኔው ድምፅ እንዲህ አለ፤

«ይህንን ጨረስን።»

ማዳመጫውን ከጆሮዬ ላይ ነቀልኩት። ቤቱ ጸጥ ብሏል። የጎረቤት ልጆች እንኳ ዝም ብለዋል።

ኳ... ኳ...

ከአልጋው አጠገብ ካለው ግድግዳ ነው። ከእኛ ቤት ግድግዳ።

ወንድሜ አልደነገጠም። ወደ አልጋው ጠርዝ ጠጋ አለና በግድግዳው በኩል ቦታ ለቀቀ። አንድ ሰው የሚያስተኛ ቦታ።

«ቀጥይ እንጂ እታለም» አለኝ በሹክሹክታ። «እየጠበቁ እኮ ነው።»

ኳ... ኳ... ኳ።

ክፍሉ ውስጥ በዓይን የሚነበብ መጽሐፍ አልነበረም። በእጄ ያለው ለጉሮሮዬ የታዘዘልኝ ሽሮፕ ብቻ ነው። ከካርቶኑ ውስጥ የተጣጠፈውን መመሪያ አወጣሁና ከላይኛው መስመር ጀምሬ ማንበብ ያዝኩ። እጄ ይህንን ሲጽፍላችሁ አፌ እስካሁን ከማንበብ አላረፈም።