ዲስኩን አትንካው

የኮምፒውተር ጠጋኙ ኬብሉን ቀየረና የዲስኩን ፍጥነት ለካ። የቀድሞውን ኬብል መልሶ ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰካው፤ እንደገና ለካ። በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አይቀይርም፤ አመሉ ነው። የፊልም ኤዲተሯ ፋይሎቿን የምታስቀምጥበት ኤስኤስዲ ዲስክ ግን በተለካ ቁጥር ይባስ ይንቀረፈፋል። ማንበቡንስ በደንብ ያነባል፤ ጻፍ ሲሉት ነው የሚያቃስተው።

ኤዲተሯ አጠገቡ ተቀምጣ አገጯን በመዳፏ ደግፋ ታየዋለች። ነገ የምታስረክበውን ፊልም የምትሠራው በዚሁ ዲስክ ነው።

«እና?» አለችው።

«አንዴ ልሞክረው።»

«አንዴ፣ አንዴ እያልክ እኮ ጠዋቱን ጨረስከው!»

ሳቀ። ወዲያው ከአፉ አመለጠው። «ያንን ነገርስ አሰብሽበት?»

የእሷ ፊት ግን ኮስተር አለ። ላግባሽ ካላት ወዲህ በተገናኙ ቁጥር ይጠይቃታል፤ ስልክ ደውሎም ይጠይቃታል። መጀመሪያ ላይ ስለ እናቷ ሕመም፣ እሷ ስትሄድ ማን እንደሚያስታምማቸው፣ ስለ ፍርሃቷ ዘርዝራ ትነግረው ነበር። እያደር መልሷ አጠረ።

«እያሰብኩ ነው» አለችና ዐይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች።

ጠጋኙ አንገቱን ደፍቶ የጠዋቱን ውጤቶች ከላይ እስከ ታች አያቸው። የመጀመሪያው ይሻል ነበር። ከዚያ በኋላ የባሰው እሱ በለካ ቁጥር ነው። ሙከራው ራሱ ዲስኩ ላይ ፋይል ይጽፋል፤ ዲስኩ ደግሞ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ዲስኩ የተሰረዘውን አጽድቶ ቦታ የሚያሰናዳው ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ነው። ሳምንቱን እሷ፣ ጠዋቱን እሱ ፋታ ነስተውታል።

«ያባስኩት እኔ ነኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ማረፊያ ጊዜውን ስለካ በላሁበት።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«የማትፈልጊያቸውን አሮጌ ቅጂዎች ሰርዢ። ከዚያ ሳናጠፋው ዝም ብለን እንተወዋለን።»

«ዝም ብለን? አንተ?»

«እኔ።»

ሰረዘች። እሱም ማውሱን ወደዚያ ገፋ አድርጎ እጆቹን አጣጠፈ። ምላሱ ላይ የመጣውን ጥያቄ ዋጠው። ሌላም መጣ፤ ዋጠው። ውጭ መኪና አለፈ። የዲስኩ ትንሿ ሰማያዊ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ዐይን ለዐይን ተጋጠሙ፤ ማንም ቀድሞ አልሸሸም።

«እማዬ አብራን ብትኖር ይከብድሃል?» አለች ድንገት።

«አይከብደኝም።»

«ታንኮራፋለች እኮ!»

«እኔም አንኮራፋለሁ።»

«ጉዴ ፈላ!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሰማያዊዋን መብራት ማየት ጀመረች።

«እሺ» አለች በመጨረሻ።

እጆቹን ጠበቅ አደረገ።

«ምኑን ነው እሺ ያልሽው አትለኝም?» አለችው።

«አልልም።»

«አንተ ሰው ዛሬ ምን ነካህ? አገባሃለሁ ነው የምልህ! ለእማዬ የምትነግራት ግን አንተ ነህ።»

ጠጋኙ ብድግ ብሎ ጃኬቱን አነሳ።

«አሁኑኑ? ዲስኩስ?»

«እሱ እኛን አይፈልግም» አለና በሩን ከፈተላት።