ባዶውን የከበቡት

ይህ የምነግራችሁ ነገር በእርግጥ ደርሷል። በዚህ ዕድሜዬ ውሸት ፈጥሬ ስሜን የማረክስ ሰው አይደለሁም።

ኅዳር 1989 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል። ሐዋሳ፣ ያኔ አዋሳ እንላት በነበረችው ከተማ፣ ታቦር አካባቢ ባለች አነስተኛ ክሊኒክ የላቦራቶሪ ኃላፊ ነበርኩ።

በማይክሮስኮፑ ሥር ያለው አክታ የባለቤቴ የብርሃነሽ ነው። ሳል ከያዛት ወር አልፏታል። የፈራሁት የሳንባ ነቀርሳን ነበር።

ጀርሙ የለም።

ነጭ የደም ሴሎቹ ግን...

እነዚህ የሰውነት ዘበኞች ናቸው። ጀርም ሳንባ ውስጥ ሲገባ ይሮጣሉ፤ ይከቡታል፤ ይውጡታል። የብርሃነሽም ከበው ነበር፤ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ ፍጹም ክብ ሠርተው።

መሐሉ ባዶ ነው።

በሠላሳ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። አክታው የተቀባበትን መስታወት፣ ስላይዱን፣ ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት።

በማግስቱ ስመለከተው ክቡ ከመሐል ተነሥቶ ወደ መስታወቱ ጠርዝ ሄዷል።

በእሳት ደርቆ በቀለም የተነከረ ሴል አይንቀሳቀስም! ረዳቴን በርናባስን ጠረጠርኩ።

«ስላይዴን ለውጠሃል?» አልኩት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ኧረ ጋሼ! ቁልፉን ለእኔ ቀርቶ ለኪስዎም አያምኑት፤ አንገትዎ ላይ አይደል የሚያድረው?»

እውነቱን ነው። መስታወቱ ላይ ያለውም የገዛ እጄ ጽሕፈት ነው።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ብርሃነሽ አዲስ የአክታ ናሙና ዓይኔ እያየ እንድትሰጥ ወሰንኩ። ግቢያችን ውስጥ፣ ነጫጭ ዶሮዎቿ እግሯ ሥር ሲጭሩ፣ የናሙና መያዣውን ዕቃ አቀበልኳት።

«ከደረትሽ ሳዪ። ምራቅ አይደለም የምፈልገው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሌባ የያዝክ መሰለህ እንዴ?»

ሳቀች። ከዚያ ጎንበስ ብላ አጥብቃ ሳለች... በዚያች ቅጽበት ማጅራቴን አንዳች ነገር ቀዘቀዘኝ።

የዚያን ቀን ናሙና ንጹሕ ነበር። ሴሎቹ እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው ሴሎች እዚህም እዚያም ተበታትነዋል። ክብ የለም።

ስድስት ሰዓት ላይ እየተቻኮልኩ ግቢ ገባሁ።

«ብርሃነሽ! ምንም የለብሽም!»

«አውቄዋለሁ። አንተ ዕቃውን ይዘህ ስትወጣ ነው የለቀቀኝ።»

ፈገግ አለች። ከዚያ ፈገግታዋ ጠፋ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች።

«ምነው?» አልኳት።

«ሳልክ እንዴ?»

«አልሳልኩም።»

«አፍህንማ እያየሁት ነው...» አለች በሹክሹክታ። «ታዲያ ከኋላህ የሚስለው ማን ነው?»

ዞርኩ።

ማንም የለም።

ዶሮዎቹ ግን መጫር አቁመዋል። ከተረከዜ አንድ ክንድ ርቆ ያለውን ባዶ መሬት ከበው፣ ክንፍ ለክንፍ ገጥመው ቆመዋል...

ሁሉም ወደ መሐል እያዩ።