በሳምንት አሥራ አንድ ሰዓት

«ሩጫ፣ አንድ ሰዓት ከሃያ፣ መካከለኛ ፍጥነት» ብላ ጻፈች ሱኒቫ በአውራ ጣቷ። በሌላ እጇ ገና በደንብ ያልደረቀ ግልገል አቅፋለች። ግልገሉ አንገቱን አስግጎ የስልኩን ጫፍ ሊጠባ ሲሞክር «ተው እንጂ! ይሄ ጡት አይደለም» አለችና ስልኩን አሸሸችው።

ሩጫ የሚባል ነገር አልነበረም። የሮጠችው ከድርቆሹ ክምር እስከ መመገቢያው፣ ከመመገቢያው እስከ ውሃው፣ ከውሃው ደግሞ ምጥ ወደያዛት ፍየል ነው። እሱ ሩጫ ከተባለማ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሮጣለች። ግን አሰልጣኛቸው ቶርጌር ለእያንዳንዱ ልጅ በስልክ በከፈተው የልምምድ ማስታወሻ ላይ «ድርቆሽ መሸከም» የሚል ቦታ የለም። ያለው በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት ስኪ፣ ሩጫ፣ ጡንቻ ማጠንከሪያና ዕረፍት ነው። ልጆቹ ከቅዳሜ በቀር በየራሳቸው ስለሚለማመዱ፣ ቶርጌር እሑድ እሑድ ማታ የሁሉንም ማስታወሻ ቁጭ ብሎ ያነባል። ሰዓቱ ያነሰ ልጅ ለቅብብሎሹ አይታሰብም።

የጥር የስኪ ቅብብሎሽ ደግሞ በዚያ ሸለቆ ላደገ ልጅ ቀላል ነገር አይደለም። ከየክለቡ ሦስት ልጆች ይሰለፋሉ። የመጀመሪያዋ ዙሯን ጨርሳ ሁለተኛዋን በእጇ ትነካለች፣ ሁለተኛዋ ሦስተኛዋን። ሱኒቫ ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ ከመንገዱ ዳር ቆማ ቃጭል እያንቃጨለች የምትመኘው ያቺን ሦስተኛዋን መሆን ነበር፤ እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ የምትጠብቀዋን። ዘንድሮ፣ በአሥራ አምስት ዓመቷ፣ ስሟ ሦስተኛው መስመር ላይ ተጻፈ።

ዘንድሮ ግን እናቷ ኦሺልድ ወገቧን ታመመች። ሐኪሙ ኦሺልድን ከባድ ነገር እንዳታነሺ ብሏታል፤ ስልሳ ፍየል ግን የሐኪም ትእዛዝ አይሰማም። አባቷ ሰሜን ባሕር ላይ ዓሣ ሊያሰግር ሄዷል፤ እስከ ፋሲካ አይመለስም። ገበሬ ሲታመም ተተኪ ሠራተኛ የሚልክ ቢሮ መኖሩን ሱኒቫም ታውቃለች። አንዴ የመጣው ሰውዬ የአጥሩን በር ክፍት ትቶት ፍየሎቹ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ አበባ ጨርሰው ስለበሉት ኦሺልድ ከዚያ ወዲህ የቢሮውን ስም መስማት አትፈልግም።

ስለዚህ ሱኒቫ ለአሰልጣኟ «ሮጥኩ» ትላለች፤ ለእናቷ «ዛሬ ልምምድ የለም» ትላለች። ሁለቱ ሰዎች እስካልተገናኙ ድረስ ሁለቱ ውሸቶች አይተዋወቁም።

ማታ ማታ፣ ፍየሎቹ ሲመገቡ፣ የበረቱን በር ገርበብ አድርጋ ወደ ማዶው ኮረብታ ታያለች። የስኪው መንገድ መብራቶች አንድ በአንድ ቦግ ቦግ ይላሉ፤ ጫካውን ዞረው፣ ዳገቱን ወጥተው፣ ከቁልቁለቱ ጀርባ ይጠፋሉ። በመብራቶቹ መካከል ትንንሽ ጥላዎች ያልፋሉ። ከመካከላቸው አንዷ ራግና ናት፤ የልብ ጓደኛዋ፣ የቅብብሎሹ ሁለተኛ። ድምፅ ከዚያ ድረስ አይሰማም። ሱኒቫ ግን ስኪው በደረቅ በረዶ ላይ ሲሄድ የሚያሰማውን ሽውታ በጆሮዋ ሳይሆን በእግሯ ትሰማዋለች። ሳታስበው የጎማ ቦቲዋ ውስጥ ክብደቷን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ታዛውራለች፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። አንዲት ፍየል ማኘኳን አቁማ ትኩር ብላ ታያታለች።

«ምን ታዪኛለሽ?» ትላታለች ሱኒቫ። «አንቺ ምን አለብሽ።»

*

ሐሙስ ዕለት ልጆቹ በክለቡ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ስኪያቸው በደንብ እንዲንሸራተት በጋለ ብረት ሰም እያቀለጡ ይቀባሉ። የጋለ ብረት ሽታና የቀለጠ ሰም ሽታ ቤቱን ሞልቶታል።

«አፍንጫችሁን ያዙ፣ ፍየሌ መጣች!» ብላ ጮኸች ራግና።

«አንቺ ደግሞ ሰሙ ሽቶ መስሎሽ ነው?»

«ከፍየል ይሻላል፣ በናትሽ!»

ተሳሳቁ። ሱኒቫ ስኪዋን ጠረጴዛው ላይ ከማጋደሟ ቶርጌር ከጥግ ጠራት። ስልኩን ይዟል።

«አንዴ ነይ፣ ሱኒቫ። እሑድ አትወዳደሪም።»

የሰማችው ነገር ወዲያው አልገባትም። ቶርጌር ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስድስት ሳምንት ሙሉ፣ በሳምንት አሥራ አንድ ሰዓት። እኔ በአንቺ ዕድሜ ግማሹንም አልሠራም ነበር። ውጤትሽ ደግሞ በየሳምንቱ እየወረደ ነው። ቅዳሜ ዳገቱ ላይ ቆመሽ የስኪ ምርኩዝሽ ላይ ስትደገፊ አይቼሻለሁ። ልምምድ በዝቶብሻል።»

«ኧረ አልበዛብኝም።»

«ሁሉም እንደዚህ ነው የሚሉት። ሰነፍ ልጅ ይሄ ነገር አይገጥመውም፤ ጎበዞቹን ነው የሚጥላቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ቀድሜ ማየት ነበረብኝ። ሁለት ሳምንት ስኪ የለም፣ ሩጫ የለም። ትበያለሽ፣ ትተኛለሽ፣ በቃ። በአንቺ ቦታ ማሬን ትገባለች።»

ቢቆጣት ኖሮ ትመልስለት ነበር። እሱ ግን እጁን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ። በዚያ ደግ እጅ ሥር ሆና «ዋሽቼህ ነው» ልትል አስባ «እሺ» አለች።

ዞር ስትል ራግና ብረቱን እንደያዘች ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች።

«አሥራ አንድ ሰዓት? መቼ ነው የምትሮጪው?»

«ራግና…»

«ነይ እንውጣ ስልሽ ‹ዛሬ አልችልም›፣ ‹ነገ አልችልም› ትይኝ የለ? እኔ ደግሞ ‹ውይ፣ የኔ ምስኪን፣ ሥራ በዝቶባት ነው› እላለሁ። ለካ ብቻሽን ነው የምትሮጪው!»

«እንደሱ አይደለም።»

«ታዲያ እንዴት ነው?»

ሱኒቫ ዓይኗን ወደ ቶርጌር ሰረቅ አደረገች። ራግና ትንሽ ጠበቀቻት፤ ከዚያ ወደ ስኪዋ ተመለሰች። «ተይው። ጎበዝ ነሽ። ደብቀሽ ሥሪ።»

*

ዐርብ ጠዋት በረዶ ጣለ። እንዲያው በረዶ ብቻ አይደለም፤ ክረምቱን ሙሉ ሰው ሁሉ ሲጠብቀው የነበረው ዓይነት ነው። ደረቅ፣ ቀላል፣ እፍ ቢሉት የሚበተን። ከትምህርት ቤቱ መስኮት ውጭ ሸለቆው በሙሉ ነጭ ሆኖ ተንጣልሎ ሲታያት፣ ሱኒቫ የሂሳቡ መምህር ሁለት ጊዜ እስኪጠራት ድረስ ስሟን አልሰማችም።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ስኪዎቿ የበረቱ ግድግዳ ላይ ተደግፈዋል፤ ትናንት የተቀቡ፣ ሰው ያልነካቸው። «አሥር ደቂቃ ብቻ» አለች ለራሷ። እናቷ ፍየሎቹ መካከል ወዲያ ወዲህ ስትል በመስኮቱ ታየቻት። አሥር ደቂቃ ማንን ይጎዳል?

ከበረቱ ጀርባ ያለውን እርሻ ተሻግራ ወደ ጫካው ጠርዝ ወጣች። በረዶው ማንም ያልረገጠው ነው። ስኪው ሲገፉት ይሄዳል፤ መሄድ ብቻ አይደለም፣ ይሸከማል። እግሯ ድካሙን ረሳው። ትንፋሿ ከፊቷ ጉም እየሠራ፣ የምርኩዟ ጫፍ ፍስስ እያለ፣ ቀኑ ከኮረብታው ጀርባ ወደ ሰማያዊ ሲለወጥ፣ ሱኒቫ ምንም አታስብም ነበር። ጫካው ዳር ስትደርስ ቆመች። ከታች ቤታቸው የክብሪት ቀፎ ያክላል። ከዚህ ወዲያ ጫካው፣ ከጫካው ወዲያ አምባው አለ፤ እዚያ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢንሸራተት ከራሱ ዱካ በቀር ምንም አያገኝም። ዓይኗ ወደዚያ ሄደ። ሆዷም አብሮ ሄደ።

ስትመለስ አሥሩ ደቂቃ ሃምሳ ሆኖ ነበር።

«እማ?» ብላ ወደ በረቱ ገባች።

«እዚህ ነኝ። አትደንግጪ።»

ኦሺልድ ገለባው ላይ በጀርባዋ ተጋድማለች። ደረቷ ላይ አንድ እርጥብ ግልገል ተኝቷል፣ ሌላው ከጎኗ ለመቆም ይውተረተራል። እናትየዋ ፍየል ተራ በተራ ትልሳቸዋለች፤ ኦሺልድንም ጭምር።

«መንታ ናቸው። ሁለተኛው በእግሩ መጣ። ጎንበስ ብዬ ሳወጣው ወገቤ እዚያው ቀረ» አለች ኦሺልድ። ልትስቅ ሞከረች፤ ከንፈሯ ግን ነጭ ሆኗል። «ጣሪያው ለካ እንዲህ ቆሽሿል! ተኝተው ካላዩት አይታወቅም።»

ሱኒቫ ተንበርክካ ግልገሉን አነሳችላት። ሁለት ጊዜ ልታስነሳት ሞከረች፣ አልሆነም። ጃኬቷን አጥፋ ከጭንቅላቷ ሥር አደረገችላት።

«ትንሽ ልረፍና እነሳለሁ» አለች ኦሺልድ ዓይኗን ጨፍና። «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር። ደግነቱ ዘንድሮ ልምምዱ ቀለል ብሎልሻል።»

ሱኒቫ ግልገሉን በገለባ ማሸቷን አቆመች።

«አልቀለለም፣ እማ።»

«እ?»

«ልምምዱ አልቀለለም። ሁልጊዜ አለ። ከቅዳሜ በቀር የማልሄደው እኔ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ ሁሉም ወጣ፤ ማስታወሻው፣ ቶርጌር፣ ቅብብሎሹ፣ ራግና። ኦሺልድ ጣሪያውን እያየች አዳመጠች። ሱኒቫ ስትጨርስ ኦሺልድ እጇን ወደ ስልኩ ዘረጋች።

«እስቲ አሳዪኝ የጻፍሽውን» አለች።

ሱኒቫ ከጎኗ ተጋደመችና ስልኩን ከፊታቸው በላይ ያዘችው።

«ታኅሣሥ አምስት፣ ስኪ፣ ሁለት ሰዓት» ብላ አነበበች ኦሺልድ። «ይሄ የውሃው ቧንቧ የቀዘቀዘ ቀን አይደል?»

«በፀጉር ማድረቂያ ያቀለጥነው ቀን።»

«ሁለት ሰዓት ተኩል ነው የፈጀው። አስተካክዪው።»

«እማ…»

«አስተካክዪው እንጂ! የሠራሽውን ጻፊ። ቀጥሎ። ሩጫ፣ አርባ ደቂቃ?»

«ያቺ ፍየል፣ ልዕልት፣ አምልጣ ያሳደድኳት ዕለት።»

«እሱስ እውነትም ሩጫ ነበር። ተይው።»

ሱኒቫ ሳታስበው ሳቀች። ስድስቱን ሳምንት እንደዚያ ወረዱት፤ በየቀኑ ሩጫውን እያጠፉ ድርቆሽ፣ ስኪውን እያጠፉ ውሃ፣ አጥር፣ ምጥ፣ ጡጦ። መጀመሪያ ላይ ኦሺልድ ትቀልድ ነበር። ወደ መጨረሻው ግን ቀልዷ እያጠረ ሄደ፤ ከዚያም ጨርሶ ጠፋ።

«በሳምንት አሥራ አራት ሰዓት» አለች። «ከትምህርት ቤቱ ሌላ።» እጇን ዓይኗ ላይ አደረገች። «አሰልጣኝሽ ልክ ነው። ምክንያቱን ነው እንጂ የሳተው፣ ደክሞሻል።»

«እማ፣ ይቅርታ።»

«ዝም በይ። እኔ ነኝ ይቅርታ የምለው።» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ሰኞ ተተኪ ሠራተኛ የሚልከው ቢሮ ሲከፈት እደውላለሁ።»

ትንሽ ቆይታ ጎኗን ይዛ ተነሳች፤ ሱኒቫ በብብቷ ደግፋ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። ግልገሎቹን ጭኗ ላይ አኖረችላት።

«ቶርጌር መቼ ነው የሚያነበው?» አለች ኦሺልድ።

«እሑድ ማታ።»

«ቅብብሎሹስ?»

«እሑድ ጠዋት።»

ኦሺልድ ከዚያ በላይ አልጠየቀችም። ሱኒቫ በሩ ላይ ቆመች። ዝም ብትል ማንም አያውቅም፤ ሁለት ሳምንት ያልፋል፣ ተመልሳ ትገባለች፣ ቶርጌርም ጎበዝ ልጅ እንደሆነች ይቀራል። ዛሬውኑ ብትነግረው ግን ምን እንደሚል አታውቅም። ምናልባት ለእሑድ ይመልሳት ይሆናል። ምናልባትም ዓመቱን ሙሉ ያስወጣት ይሆናል፤ ለዋሸ ሰው ቀልድ አያውቅም። ማዶ፣ መብራቶቹ አንድ በአንድ መብራት ጀመሩ።

«ጡጦውን አቀብዪኝ» አለች ኦሺልድ ቀና ሳትል። «ተቀምጬ ማጥባት አያቅተኝም። ኮፍያሽን ደግሞ እንዳትረሺ።»

*

በእርሻው በኩል፣ ድልድዩን አልፋ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀባት። የበረት ቱታዋን አልለወጠችም፤ ጉልበቷ ላይ ገለባ፣ ደረቷ ላይ የግልገሉ እርጥበት ደርቆ ቀርቷል። መብራት ካለበት መንገድ ስትገባ ቶርጌርና ልጆቹ ለእሑዱ ውድድር ሊዘጋጁ ከዳገቱ ግርጌ ተሰብስበው ነበር። ራግና ቀድማ አየቻት፤ አፏን ከፈተች፣ ግን ስለ አፍንጫ ምንም አላለችም።

ቶርጌር ዞረ። ከእግሯ እስከ ራሷ አያት፤ ዓይኑ ስኪዎቿ ላይ ቆመ።

«ስኪ የለም ብዬ አልነበረም?»

«ብለሃል» አለች ሱኒቫ። ትንፋሿ ገና አልተመለሰም። ጓንቷን በጥርሷ አውልቃ ስልኳን ከኪሷ አወጣች። «ራግና፣ አንቺም ስሚ። ከታኅሣሥ አንድ ልጀምር።»